ስም ከመለጠፋችን በፊት



ድንጋይና የዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ ግራጫ ወይም ቢጫ ሆኖ የሚታይ ነገር አለ። ከሩቅ ሲያዩት የፈሰሰ ቀለም ይመስላል። ግን ሕይወት ያለው የአላህ ፍጥረት ነው፤ ላይከን ይባላል። ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነው። አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፤ ፈንገሱ ደግሞ መጠለያ ይሆነዋል። አንዳንዱ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያድግም። ሱብሓነላህ!

እነዚህን ለይቶ ማወቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ድንጋይ ላይ ካሎፕላካና ካንዴላሪዬላ የሚባሉ ሁለት ቢጫ ላይከኖች ጎን ለጎን ሊበቅሉ ይችላሉ። ለዓይን መንታ ናቸው። ባለሙያው ተንበርክኮ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ያያቸዋል። ቀጥሎ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ያደርግባቸዋል። ካሎፕላካው በአብዛኛው ወዲያው ሐምራዊ ቀይ ይሆናል፤ ካንዴላሪዬላው ግን እንዲያ አይለወጥም። ይህን የጠብታ ምርመራ ኒላንደር የተባለ የፊንላንድ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1866 አስተዋወቀው። ጠብታውም ካልለየለት ባለሙያው ቅንጣት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ይህ ሁሉ ድካም ጥፍር ለምታህል ነጠብጣብ ትክክለኛ ስሟን ለመስጠት ነው።

እኛስ? ሰው ላይ ስም ለመለጠፍ ስንት ደቂቃ ይበቃናል? አንድ የተቆረጠ ቪዲዮ፣ አንድ ስክሪንሾት አይተን «ሙናፊቅ ነው»፣ «እሷማ ድሮም ታስታውቃለች» ብለን ኮሜንት እንጽፋለን። ከጀመዓ የጠፋው ልጅ ምናልባት እናቱን እያስታመመ ይሆናል። ማን ጠየቀው?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል፤ ሳናውቅ ሰው ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት። በዚያው ሱራ 12ኛው አንቀጽ ደግሞ ከመጥፎ ጥርጣሬ፣ ከመሰለልና ከሐሜት ከልክሎናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ድንጋይን በመነጽር መመርመር ይቻላል፣ የወንድማችንን ገመና መበርበር ግን አልተፈቀደም። ጉዳዩ የሚመለከተን ከሆነ ራሱን በአደብ እንጠይቀው። የማይመለከተን ከሆነ ዝም እንበል። ዝምታም ዒባዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ደግሞም ይህ ቅርፊት መሳይ ላይከን ከድንጋዩ ጋር እጅግ ከመጣበቁ የተነሳ ድንጋዩን ሳይጎዱ ማንሳት አይቻልም። ሰው ላይ የለጠፍነው ስምም እንደዚያው ነው። ፖስቱን ብናጠፋው እንኳ ሼር ያደረጉት ሰዎች ዘንድ ይቀራል። ነገ አላህ ፊት የሚጠይቀን የሰው ሐቅ ነው።

በዚህ ሳምንት ሼር ከማድረጋችን በፊት ራሳችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ አጣርቻለሁ? ይመለከተኛል? ይህ ስለ እኔ ቢጻፍ እወዳለሁ?

ያ አላህ! ምላሳችንንና ጣቶቻችንን ከሰው ክብር ጠብቅልን። የወንድሞቻችንን ነውር ሸፋኞች አድርገን፣ የኛንም ነውር ሸፍንልን። አሚን።