«ፈረሰ» ወይስ «አፈረሱት»?

«ጥሩ መጣጥፍ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠብቁት ስለ ቋንቋ እንድነግራቸው ነው፤ ስለ ማራኪ አጀማመር፣ ስላማረ ቃል፣ ልብ ስለሚነካ መዝጊያ። እኔ ግን ጥያቄው ከቋንቋ በፊት የሥነ ምግባር ጥያቄ ይመስለኛል።

ይህን ቀድመውኝ ያሰቡት ሰው አሉ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ውስጥ እውነተኛ ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ነገር ያስፈልጋል ይላሉ። መጀመሪያ የሆነውን ማስተዋል፣ ቀጥሎ ሳያዳሉ መፍረድ፣ በመጨረሻም ያዩትንና የፈረዱትን በጠራ ቋንቋ ማድረስ። እሳቸው የተናገሩት ስለ ታሪክ ቢሆንም ለመጣጥፍም ይሠራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ ቋንቋ ሦስተኛ ነው። እኛ ከሦስተኛው እንጀምርና እዚያው እንቀራለን።

እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፤ «የአንዲት እናት ቤት ፈረሰ።» ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። ግን አንድ ሰው ጎድሏል። አማርኛችን ከ«አፈረሰ» ላይ «አ»ን ብቻ አንስቶ አድራጊውን ማጥፋት ይችላል። «ፈረሰ» ሲባል ዝናብ ይሁን እርጅና ይሁን ትእዛዝ የሚታወቅ ነገር የለም። «ይባላል»፣ «ይታመናል»፣ «ብዙዎች ይስማማሉ» የምንላቸውም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። ማነው ያለው? ማነው ያመነው? ብዙዎች ስንት ናቸው?

ነገሩ የአጻጻፍ ስልት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅሁ። ግን «ፈረሰ» ብለን ስንጽፍ ያቺ እናት ቤቷን ካጣች በኋላ የምትጠይቀውን ሰው ጭምር እናሳጣታለን። ማን ፈቀደ? በየትኛው ደብዳቤ? አስቀድሞ ተነግሯት ነበር? አፍራሹም እኮ የሚለው ነገር ይኖረዋል፤ ሳያዳሉ መፍረድ ማለት እሱንም ሄዶ መጠየቅ ነው። አድራጊውን መጥራትና አድራጊውን መስደብ ለየቅል ናቸው።

«ስም መጥራት በቃል ቀላል ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም የጻፈው ልብ ወለድ ነበር። ያም ሆኖ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ ፈርቶ የሚጽፍን ሰው «ድፈር!» ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።

መደበቅ ሁሉ ውሸትም አይደለም። የዚያች እናት ስም ቢወጣ ጉዳት የሚያገኛት ከሆነ ስሟን መደበቅ ግዴታችን ነው። መለያው ጥያቄ አንድ ነው፤ የደበቅነው ማንን ለመጠበቅ ነው? አቅም የሌለውን ከሆነ ከለላ ሆነነዋል። አቅም ያለውን ከሆነ መጋረጃ ሆነንለታል። ሄደን ስላልጠየቅን ብቻ ከሆነ ደግሞ የጠበቅነው ስንፍናችንን ነው። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የሚበዛ ይመስለኛል፤ «ይባላል» ማለት እኮ የታክሲ ሰልፍ አያስቆምም፣ ደጅ አያስጠናም።

ፍርሃት ሲኖርስ? ያኔም አንድ የቀና መንገድ አለ፤ «ማን እንዳፈረሰው አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ልጽፈው አልችልም» ብሎ መጻፍ። አንባቢው ስሙን ባያገኝ እንኳ ቤቱ በራሱ ጊዜ እንዳልወደቀ ያውቃል። «ፈረሰ» ግን ይህንንም ይነፍገዋል።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ናት። ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ ከመላካችሁ በፊት በየግሱ ላይ «ማን?» እያላችሁ እለፉ። ካወቃችሁት ጻፉት። ካላወቃችሁት ተነሱና ጠይቁ። አውቃችሁ የተዋችሁት ካለ ለማን ብላችሁ እንደተዋችሁት ለራሳችሁ መልሱ። ስለ ማራኪ አጀማመር ከዚያ በኋላ እናወራለን።