ጾሙ ከተፈታ በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በ2002 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል፣ ሐምሌ 29 ቀን፣ በቺሊ አገር በአታካማ በረሃ አንድ የመዳብና የወርቅ ማዕድን ማውጫ ተደርምሶ 33 ሠራተኞች ወደ 700 ሜትር ጥልቀት ላይ ተዘጋባቸው። አንዱ እንጀራ ፍለጋ ከጎረቤት አገር ከቦሊቪያ የመጣ ስደተኛ ነበር። ለ17 ቀን በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በ17ኛው ቀን መቆፈሪያው ብረት ከጉድጓድ ሲወጣ ጫፉ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ታስራ ተገኘች፤ 33ቱም ደኅና ነበሩ። ቀኑ ነሐሴ 16 ነው፤ እኛ ጾም የፈታንበት የእመቤታችን የዕርገቷ በዓል!

ታላቅ እህቴ ያን ዓመት ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ጾሙን ለብቻዋ ጾማ፣ በዚያች ማታ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ወረቀቷን በአሠሪዎቿ ቴሌቪዥን አየች። «እነሱም ዛሬ ፈሰኩ!» ብላ አለቀሰች። የሰው አገር ጉድጓድ ምን እንደሆነ ስደተኛ ያውቀዋል።

እዚያ ታች የነበረው ምግብ የጥቂት ቀን ብቻ ነበር። በሁለት ቀን አንዴ ትንሽ የቆርቆሮ ዓሣና ጉንጭ ወተት ይካፈሉ ነበር። (ዓሣና ወተት ጾም ነው ማለቴ አይደለም፤ መካፈሉን ልብ በሉልኝ።) በመጀመሪያው ሌሊት ጥቂቶቹ ሳጥኑን ከፍተው ለራሳቸው በልተዋል። ኋላ ግን በየቀኑ አብረው ሲጸልዩ ጥፋታቸውን በሁሉ ፊት እየተናገሩ ይቅር ተባባሉ። በኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ለተራበው መቁረስ እንደሆነ ተጽፎ የለ? ረሃቡ አስተማራቸው።

አሁን የምነግራችሁን ግን ብዙ ሰው አያወራውም። ከነሐሴ 16 በኋላ በጠባቧ ቀዳዳ ምግብ፣ መድኃኒትና ደብዳቤ ይወርድላቸው ጀመር። ያኔ ነው አንድነታቸው የላላው። ስለ ዝናና ስለ ገንዘብ መነታረክ መጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥቅምት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በ69ኛው ቀን፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የብረት ሳጥን ተራ በተራ ወጡ። የፈረቃው አለቃ ሁሉን አስወጥቶ የመጨረሻ ሆነ።

ሙሴም በዘዳግም 8 እስራኤልን ሲያስጠነቅቅ በልተው የሚጠግቡበትን ቀን ፈርቶላቸው ነበር። እኛስ? በሱባኤው ቅዳሴ እስኪወጣ እንቆማለን፣ የዳቤያችንን ግማሽ በር ላይ ለተቀመጠችው እናት እንሰጣለን፣ ከተጣላነው ጎረቤት ጋር እንታረቃለን። ነሐሴ 16 ዶሮው ይታረዳል፤ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ይላል። እናቲቱ ግን ነሐሴ 17ም እዚያው ናት። እርሷ የፍስክ ቀን የላትም። ዘንድሮ ጾሙን ስትፈቱ ከዶሮው አንድ ብልት ለእርሷ አስቀሩላት፤ የታረቃችሁትንም ጎረቤት ወደ ማዕዳችሁ ጥሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።