የመጨረሻዋን ባልዲ ማን ቀዳ?

የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ውሃ ጥናት ምን አገባቸው ትሉን ይሆናል። ነገሩ የተጀመረው ሻይ ቤት ነው፤ የውሃ ሀብት የሚያጠና ጓደኛችን ቀድሞ ዓለማያ ይባል ስለነበረው ስለ ሐሮማያ ሐይቅ ሲያወጋን። «ቀላል ሒሳብ ነው» አለን፤ «ከሚገባው የሚወጣው ከበለጠ ያልቃል።»

አለቀም። በሐረርጌ ደጋ፣ የእርሻ ትምህርት ሲሰጥበት ከኖረ ግቢ አጠገብ፣ የሐረርን ከተማ ሲያጠጣ የኖረው ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ግድም ደርቆ ሜዳ ሆነ። ገበሬው ጫቱንና አትክልቱን በሞተር ፓምፕ ያጠጣል፤ ከተማው ይቀዳል፤ ከተራቆተው ተዳፋት ደለል ይወርዳል፤ ፀሐይም የራሷን ድርሻ ትወስዳለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ለካስ ራሱ ሲሄድም እንደዚያው ኖሯል!

እኛን የቸገረን ግን ሒሳቡ ሳይሆን ጥፋቱ ነው። የአንድ ገበሬ ፓምፕ ሐይቅ አያደርቅም። እርሱ ቢተው ጎረቤቱ አይተውም፤ የሚራቡት የእርሱ ልጆች ናቸው። ታዲያ ይህን ሰው በምን አፋችን ሌባ እንበለው? ማንም አላጠፋም ብንል ደግሞ፣ ሐይቁ እንዴት ጠፋ? የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ለቤት የሚውለውም ከሌላው ሁሉ እንደሚቀድም ደንግጓል። መልካም። ግን የሁሉም የሆነውን ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲወስደው «የኔ ነው፣ ተዉ!» ብሎ የሚጮኸው የትኛው ባለቤት ነው?

በእኛ አስተያየት ጥፋቱ ከመቅዳቱ ሳይሆን፣ ሌላው ስንት እንደሚቀዳ ሳይጠይቁ ለየብቻ ከመቅዳቱ ነው። ቆጥሮ ያወቀው፣ ማለትም የተማረው፣ ዝም ካለ ግን ዕዳው ከገበሬው ይከብዳል። እዚህ ላይ ጓደኛችን ተቆጣ። «እኛ እኮ እንለካለን እንጂ አናዝም!»

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሐይቁ ውሃ መለስ ብሎለታል፤ ደስ ብሎናል። ሐረር ግን ሐይቋ ከደረቀ ወዲህ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች፣ ከቆላው፣ ሽቅብ በቧንቧ እየተገፋ የሚመጣ ውሃ ትጠጣለች። ሐይቅ ሲጎድል ቢያንስ ዳሩ ቆሞ የሚያይ እረኛ አለ፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሲጎድል ማን ያያል?

«ይለካል» አለን ጓደኛችን።

«ተለክቶ ማለቁ ቢታወቅስ፣ ዝጉ የሚል ማነው?»

«እሱ የኔ ትምህርት አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?» ብለን እስከ እራት ሰዓት ተጨቃጨቅን።