ካርታው ላይ የቀረ ምልክት

ጌሙን ስትከፍተው ካርታው በምልክት ተሞልቷል። ማማ ትወጣለህ፣ ምሽግ ትሰብራለህ፣ ሳጥን ትለቅማለህ። ቀጣዩ ጌምም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አሳሲንስ ክሪድ በደማስቆ ብቻ 100 ባንዲራ በትኖ ያስለቅምሃል። ደማስቆን በሚያህል ከተማ ውስጥ ሆነህ ዐይንህ ባንዲራ ፍለጋ ላይ!

መሰላቸትህ አያስወቅስህም፤ ልብህ ገና አልደነዘዘም ማለት ነው። የሚገርመው ሰልችቶህም እስከ ሌሊት መልቀምህ ነው።

መደጋገም ብቻውንማ አያሰለችም። በቀን 17 ረከዓ ፈርድ እንሰግድ የለ? (ዛሬ ጁሙዓን የሰገደ 15 ነው።) ግን «ይሄም አለቀ» ለማለት ብቻ ከሰገድን፣ እኔ ራሴ ስንቴ እንዲያ ሰግጃለሁ፣ ሶላቱም ባንዲራ ለቀማ ሆነብን። እስኪ ትናንት ዒሻ ላይ ከፋቲሓ በኋላ የተቀራው ሱራ ምን ነበር?