የሕፃን ፍርሃትና የታላላቆች ዕዳ

ፍርሃት ለሰው ከፍጥረቱ የተሰጠ ዘበኛ ነው። ሰው እሳትን ባይፈራ ይቃጠል፥ ገደልን ባይፈራ ይወድቅ ነበር። ነገር ግን ዘበኛው ሌሊትና ቀን የሚጮኽ፥ ወዳጅን ከጠላት የማይለይ ቢሆን፥ የቤቱ ባለቤት ዕረፍት ያጣል። ኦቲዝም ከተባለው የአእምሮ እድገት ልዩነት ጋር ከተወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ የሚኖሩት ይህን በመሰለ ቤት ውስጥ ነው። እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌላው ሰው ምክንያቱን የማያየው ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነውን? እውነተኛስ ከሆነ፥ መለወጥ የሚገባው የሚፈራው ሕፃን ነው ወይስ የሚያስፈራው ታላቅ?

አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት እንደዚህ ያለ ልጅዋን ይዛ ዮርዳኖስን ለመሳለም ብትመጣና በመሐል አማን ብታድር የሚሆነውን ማሰብ ይቻላል። በአማን ሠፈሮች ጋዝ የሚሸጡ መኪኖች መምጣታቸውን በዜማ ያስታውቃሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማውም ዜማ ቤትሆቨን ከደረሰው ዝነኛ የፒያኖ ድርሰት የተወሰደ ነው። ለሠፈሩ ሰው ይህ የዘወትር ምልክት ነው፤ ለዚያ ሕፃን ግን ሳይታሰብ የወደቀ መብረቅ ሊሆን ይችላል። ጆሮውን ይደፍናል፥ ከአልጋ ሥር ይገባል፥ ይጮኻል። ከእንግዶቹ አንዱ «ቅብጠት ነው» ይላል፤ ሌላው «ጋኔን ነው» ይላል። እናቲቱም ከልጅዋ ጩኸት ይልቅ የሰውን ዓይን ትፈራለች። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ፈሪዎች ተገኙ ማለት ነው።

ይህ ፍርሃት አዲስ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ ስለ 11 ሕፃናት በጻፈ ጊዜ፥ ከፍ ያለ ድምፅና የሚንቀሳቀስ ዕቃ እንደሚያስደነግጣቸው፥ የለመዱት ሥርዓት ሲፋለስም እጅግ እንደሚጨነቁ አስተውሎ ነበር። በኋላም በ2011 ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፥ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከመቶው 40 ያህሉ ለሕመም የሚደርስ ጭንቀት እንዳለባቸው ታውቋል።

የነገሩም መሠረት በአካል ውስጥ ነው። በአንጎል ጥልቀት በቀኝና በግራ፥ የአሮን በትር ያፈራችውን ለውዝ የምትመስል ትንሽ ክፍል አለች፤ ስምዋም ከግሪክ ቃል አሚግዳላ፥ ማለት ለውዝ፥ ተብሏል። አደጋ በተሰማ ጊዜ ልብ እንዲመታ፥ ሰውነትም ለሽሽት እንዲዘጋጅ ከሚያደርጉት ክፍሎች እርስዋ ዋነኛዪቱ ናት። በ2022 በታተመ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት፥ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል በሌሎች ሰዎችም ዘንድ የሚታወቀው ዓይነት ጭንቀት ያደረባቸው፥ ቀኝ አሚግዳላቸው ሰፋ ብላ ተገኝታለች፤ ከኦቲዝም ጋር ብቻ የሚሄደው ጭንቀት ያለባቸው ግን አሚግዳላቸው አነስ ብላ ታይታለች። ስለዚህ የሕፃኑ ፍርሃት እልከኝነት ወይም የእምነት ጉድለት አይደለም፤ የሁሉም ልጅ ፍርሃት አንድ ዓይነት እንኳ አይደለም።

በአዲስ አበባ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ጥናቱ በ2016 ሲታተም፥ ከመቶው 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተገለጸ። የመገለሉም ስሜት ነገሩን ከመናፍስት ነው በሚሉትና በኦርቶዶክሳውያን ምእመናን ዘንድ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ መራራ ቃል ነው፤ ነገር ግን መድኃኒትም መራራ ነው። የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም የነበረበት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው፥ ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች በአዲስ አበባ የጆይ ማዕከልን ሲከፍቱ፥ ልጅን ከመደበቅ ወደ ብርሃን ማውጣት እንደሚቻል በሥራ አሳይተዋል።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «ፍቅር ፍርሃትን እንደሚያርቅ ሐዋርያው አስተምሮ የለምን? እንግዲያስ ልጁን ይዞ ወደ ውኃው ማግባት ምን ክፋት አለው?» ይል ይሆናል። መልሱ ይህ ነው፤ ሐዋርያው ያስተማረው ስለ ፍቅር ነው እንጂ ስለ ግዳጅ አይደለም። ጸበል ለሚያምን በረከት ነው፤ እጅና እግሩ ተይዞ የሚነከር ሕፃን ግን የሚማረው ውኃውን ማመን ሳይሆን ሰውን መፍራት ነው።

ከአማን ወደ ጥምቀቱ ስፍራ ወደ አል መግጠስ የሚወርድ ተሳላሚ፥ ነቢዩ ኤልያስ ወደ ሰማይ የተወሰደበት ነው የሚባለውን ኮረብታ ያያል። ይህ ነቢይ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ። መልአኩ በመጣ ጊዜ ግን ስለ ፍርሃቱ አልገሠጸውም፤ እንጀራና ውኃ ሰጠው፥ ደግሞም እንዲተኛ ተወው። በኮሬብም እግዚአብሔር የተገለጠለት በነፋሱ፥ በምድር መናወጡና በእሳቱ አልነበረም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ በተሰማው ለስላሳ ድምፅ ነበር። ለነቢይ እንዲህ የታዘነለት ፍርሃት፥ ለሕፃን ሲሆን ስለ ምን ይነቀፋል?

እንግዲህ ዕዳው የታላላቆች ነው። የሚሄድበትን ስፍራ አስቀድሞ በሥዕል ማሳየት፥ የሚሆነውን በአጭር ቃል መንገር፥ ሕዝብ ባልበዛበት ሰዓት ማድረስ፥ ከከበሮው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፥ ጆሮውን ቢደፍን መተው፥ ጭንቀቱ ሲበረታም ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ከጎኑ ያደረ እንግዳም ዓይኑን ከእናቲቱ ላይ ቢያነሣና ዝም ቢል ምጽዋት ሰጠ። የሚጮኽ ዘበኛ በዱላ ዝም አይልም፤ በቤቱ ያሉት ሁሉ ወዳጆች መሆናቸውን ቀን በቀን ሲያይ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።