ቤትን ስለ ማደስና ከቤት ስለ መውጣት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአራዳና በፒያሳ የሚኖሩ ምእመናን ለንስሐ አባቶቻቸው ከሚያቀርቡአቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ ቤታችን አርጅቷልና እናድሰው ወይስ ትተነው ወደ ከተማው ዳር እንውጣ? ይህ ነገር የአናጢ እንጂ የካህን አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ደዌ የታየበትን ቤት እንዲመረምር የታዘዘው ካህኑ ነበር። ካህኑ ሳይገባ ዕቃው ይወጣል፤ ቤቱም ሰባት ቀን ይዘጋል። ደዌው ሰፍቶ ቢገኝ የታመሙት ድንጋዮች በሌሎች ይተካሉ፥ ግድግዳውም ተፍቆ እንደ ገና ይመረጋል። ቤቱ የሚፈርሰው ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ደዌው የተመለሰ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ ምርመራው ከውሳኔው እንደሚቀድም እናስተውል።

በሠፈራችን ካሉት የቀድሞ ቤቶች ብዙዎቹ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆመው፥ ከጭድ ጋር በቦካ ጭቃ የተመረጉ ናቸው። እንዲህ ያለው ቤት የሚታመመው ከሥሩ ነው፤ የክረምቱ ውሃ እያራሰው ምስጥም እየበላው የቋሚው እግር ይበሰብሳል። ባለቤቱ ግን በዓል በመጣ ቍጥር ግድግዳውን ኖራ ይቀባል፤ ነጭ ሆኖ ስላየውም የዳነ ይመስለዋል። ጥቂት ቋሚዎች ብቻ ተበልተው እንደ ሆነ የበሰበሰው ተቈርጦ ከሥሩ ድንጋይ ቢገባ፥ ለውሃውም ቦይ ቢከፈትለት፥ ቤቱ ገና ብዙ ክረምት ይሻገራል። ሁሉም ከተበላ ግን ኖራው ምን ይረዳል? የዘመመው ግድግዳ በጎረቤት ልጆች መጫወቻ ላይ ሲወድቅ፥ የአባቴን ቤት አልለቅም ማለት መልስ አይሆንም። በኦሪት ዘዳግም ለአዲስ ቤት ጣራ መከታ እንዲደረግለት የታዘዘው ሰው ወድቆ ደሙ በባለቤቱ ላይ እንዳይሆን ነውና።

ስለ መታደስ ምስክር ብንፈልግ፥ በዳግማዊ ምኒልክ የተመሠረተው የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በመካከላችን አለ። በ1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች አቃጠሉት፤ ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ግን በዚያው በቆመበት ስፍራ ታደሰ እንጂ ወደ ሌላ አልተወሰደም። በአጠገቡ ይውል የነበረው የአራዳ ገበያ ግን በዚያው በጠላት ዘመን ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተዛወረ። ገበያ ሻጭና ገዢ በተገናኙበት ሁሉ ይቆማል። የክርስቲያን ቤት ግን ከሁለቱ ማንኛውን ይመስላል?

ይህን ስንል ምርጫ ያልነበራቸውን አንዘነጋም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ብዙዎች በቀበሌ ቤት ተከራይተው ኖረዋል፤ ጣራው ቢያፈስም የራሳቸው ስላልነበረ እንደ ወደዱ ሊያድሱት አልቻሉም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳና በአካባቢዋ ብዙ ቤቶች ስለ ፈረሱ ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ሄደዋል። በአንድ ዕድር ሲቀባበሩ፥ በአንድ ማኅበር ጽዋ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ተለያዩ። ቤት ከግድግዳው ሌላ ምን እንደ ነበረ ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ ምርጫ በእጁ ያለ ሰውም ከመወሰኑ በፊት እነርሱን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

መውጣት ሁሉ ነቀፋ አለበት አንልም። አብርሃም ከካራን በእግዚአብሔር ቃል ወጥቷል፤ ኋላም እረኞች በተጣሉ ጊዜ ለሎጥ ቀድሞ እንዲመርጥ ፈቅዶለት በሰላም ተለያይቷል። ነገር ግን ከጎረቤቱ ጋር ተቀያይሞ ሳይታረቅ ቤት የሚለውጥ ሰው ደዌው ከድንጋዩ ሳይሆን ከራሱ ነው፤ አዲሱም ቤት ቢሆን ከዚህ አያድነውም። የጓደኛውን ፎቅ አይቶ የራሱን ደኅና ቤት የናቀም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን የንስሐ አባቱ አስቀድሞ ወደ ዕርቅ ይምራው።

ደግሞም በብዙ ቤት ጓዳ ውስጥ አንዲት አሮጊት እናት አሉ። የኪዳን ደወል በሰሙ ጊዜ በምርኵዝ ቀስ ብለው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ፤ ከከተማው ዳር ግን በታክሲ እንኳ የሚያደርሳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ልጆቻቸው ስለ ቤቱ ሲመክሩ እርሳቸውን መጠየቅ ይረሳሉ። አናጢም ሆነ ደላላ ከመጠራቱ በፊት እኒህ እናት ይጠየቁ።