ቀይዋ ነጥብ

ለቅሶ ባለበት ቤት ከበሮ አይመታም። ፈረንሳዊው ሰዓሊ አንሪ ማቲስ ግን አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1943 እና በ1944፣ ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ እነዚያን ደማቅ ምስሎች ይሠራ ነበር። በዚያው በ1944 ባለቤቱና ልጁ ማርገሪት በጌስታፖ እጅ ወደቁ፤ ልጁ ብዙ ስቃይ ደረሰባት። እሱ ራሱ በ1941 ከተደረገለት ከባድ የሆድ ቀዶ ጥገና ወዲህ ውሎው በአብዛኛው አልጋ ላይ ነው። ወረቀቱን ረዳቶቹ ይቀቡለታል፤ መቀሱን የሚይዘው ግን እሱ ነው።

ታዲያ ይህ ግዴለሽነት ነውን? እኔስ አይመስለኝም። በ1947 «ጃዝ» በሚል ስም ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ኢካሩስን ልብ ብለን እንየው። ኢካሩስ በግሪኮች ተረት በሰም በተያያዘ ክንፍ በርሮ፣ ፀሐይ ሰሙን አቅልጣበት የወደቀው ወጣት ነው። ማቲስ ክንፍ አልሰጠውም። ጥቁር ገላ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ ሾጣጣ ቢጫ ኮከቦች፤ ኮከቦቹን የቦምብ ብልጭታ ናቸው ለሚለኝ ሰው አልከራከርም። ዓይንም አፍም የለውም። እጆቹን ዘርግቷል፤ እየወደቀ ይሁን እየጨፈረ አይለይም፤ እኔን የያዘኝም ይኸው ነው።

ልቡ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። በጣም ትንሽ ናት። ገጹን ሙሉ ቀይ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ ቀይ ወረቀት አልጠፋበትም።